ጥገና ቤት ይነሳል፣ ቤት ሲገባ እምቢ ይላል፤ ፎርማት ሳይደረግ የሚድንበት መንገድ አለ?

ቱሉ ዲምቱ 04፦

ሰላም ቤተሰብ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል። የቱ እንደሚጠቅም ስለማላውቅ ምንም ሳላስቀር ልጻፈው።

ቤታችን ያለው ኮምፒውተር በ2004 ዓ.ም. ተገጣጥሞ የተገዛ ዴስክቶፕ ነው። ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ 3፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 7። የአባቴ ነው። አባቴ የድሮ ሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ አያት፣ እኛ ደግሞ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ተበትነናል። እድሩ ግን አልፈረሰም። የአባሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የወር ክፍያ፣ ለማን ስንት ብር እንደወጣ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ቤት እንደተቀመጠ፣ ሁሉም እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፍላሽ ላይ የገለበጥነው አለ፣ ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት መብራት ሲሄድ ሲመጣ አመሸ። ዕቃ እንዳይቃጠል ብለን ዲቫይደሩን ከግድግዳ ነቅለን ተኛን። ጠዋት አባቴ ሲያስነሳው መጀመሪያ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ኤፍ 1 ተጫን የሚል ጽሑፍ መጣ። ተጫነ። የዊንዶውስ ምልክት መታየት ጀመረ፣ አራቱ ቀለማት ገጥመው ሳይጨርሱ አንድ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለና ጠፋ። ሪስታርት አደረገ። እንደገና እንደዚያው። ራሱን እንዲጠግን ስንፈቅድለት ብዙ ሰዓት ይቆይና መጠገን አልተቻለም ይላል። ሴፍ ሞድም ሞክረናል፣ ያው ነው።

ሲፒዩውን በባጃጅ ጭነን አካባቢያችን ያለ ጥገና ቤት ወሰድነው። ልጁ ነካ ነካ አደረገና ተነሳ! ዴስክቶፑን በዓይናችን አየነው፣ የአባቴ ፎልደሮች በሙሉ አሉ። ልጁ ግን ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ሃርድ ዲስኩም ደክሟል፣ ፎርማት መደረግ አለበት አለ። አባቴ አይሆንም ብሎ ይዘን ተመለስን። ቤት ሰካነው፣ ያው ሰማያዊ። በሳምንቱ ደግመን ወሰድነው። እዚያ ተነሳ፣ ቤት ሲመጣ እምቢ። አሁን ጎረቤት ሁሉ የቤታችሁ መብራት ነው እያለ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይጠቅም እንደሆነ። ከመበላሸቱ በፊት ለወራት ያህል የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀር ነበር። አባቴ በየጊዜው በእጁ ያስተካክለው ነበር።

እሁድ የእድሩ ስብሰባ ነው። ሃርድ ዲስኩ ነው የሞተው? ፋይሉን ማውጣት ይቻላል? ከተነሳስ እንዲፈጥን ምን ላድርገው? ዊንዶውስ 10 ይችላል ወይ?


ለገጣፎ ልጅ፦

ወንድሜ የኔም ልክ እንደዚህ ነበር ያደረገው። ሰማያዊ እያሳየ ሪስታርት ሪስታርት። ሃርድ ዲስኩ ነው ብለውኝ አዲስ ገዝቼ ዊንዶውስ አስጫንኩ። የድሮው ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል፣ የልጄ የክርስትና ፎቶ እዚያው ቀረ። ደጋግመህ አታስነሳው፣ የባሰ ይጎዳል። ካስነሳኸውም ጆሮህን ሲፒዩው ላይ አድርገህ አዳምጥ፣ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካለ ሃርድ ዲስኩ እየሄደ ነው ማለት ነው።


የሰበታው ጠጋኝ፦

ልጄ፣ ሃርድ ዲስኩን ገና አትቅበረው።

የጻፍከው ሁሉ የሚጠቁመው ወደ አንድ ነገር ነው። ጥገና ቤት ይነሳል፣ ቤት እምቢ ይላል። በጥገና ቤቱና በቤታችሁ መካከል ምን ሆነ? ሶኬቱ ተነቀለ። መጀመሪያ የተበላሸ ቀንስ? ማታ ዲቫይደሩን ነቅላችሁ ነበር የተኛችሁት። ሰዓቱ ለወራት ወደ ኋላ ሲቀር ቆይቷል። አሁን ደግሞ ኤፍ 1 ተጫን ይላል። እኔ እጄ ላይ ቢመጣ ሌላ ምንም ሳልነካ የማዘርቦርዱን ባትሪ ነበር የማየው።

ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። ሲአር 2032 ትባላለች። ስሟ ልኳ ነው፣ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር። 3 ቮልት ነች። ሥራዋ ኤሌክትሪክ በማይኖርበት ጊዜ ሰዓቱን ማስኬድና የባዮሱን፣ ማለትም ከዊንዶውሱ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የማዘርቦርድ ፕሮግራም፣ ምርጫዎች ማቆየት ነው። ሶኬቱ ግድግዳ ላይ እስከተሰካ ድረስ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፣ ባትሪዋም ታርፋለች። ለዚህ ነው ደክማም ለወራት ያላወቃችሁባት፣ ሰዓቱን ብቻ እያስቀረች የቆየችው። ዲቫይደሩን ነቅላችሁ ያደራችሁ ቀን አለቀች፣ ባዮሱም ከፋብሪካ ወደወጣበት ምርጫ ተመለሰ።

እሺ ባዮሱ ቢመለስስ ዊንዶውሱ ለምን እምቢ ይላል? ከምርጫዎቹ አንዱ ማዘርቦርዱና ሃርድ ዲስኩ በምን መንገድ እንደሚነጋገሩ የሚወስነው ነው። ሁለት መንገድ አለ፣ አንዱ አይዲኢ፣ ሌላው ኤኤችሲአይ ይባላል። ዊንዶውስ 7 ሲጫን በየትኛው መንገድ እንደተጫነ ያይና የዚያን መንገድ ድራይቨር (ዲስኩን የሚያናግረውን ፕሮግራም) ብቻ ያነቃዋል፣ የሌላውን ያስተኛዋል። መንገዱ በኋላ ከተቀየረ ሲነሳ የራሱን ዲስክ ማግኘት ያቅተዋል። ሰማያዊ ያሳይና ሪስታርት ያደርጋል። ሴፍ ሞድም አያድነውም። ራሱን ልጠግን ቢልም አይችልም፣ ምክንያቱም ውስጡ የተበላሸ ነገር የለም። ጥገና ቤት ያለው ልጅ ባዮሱ ውስጥ ሲሞክር መንገዱን አግኝቶታል፣ ስለዚህ ተነሳ። ነቅላችሁ በባጃጅ ስትጭኑት ተመልሶ ጠፋ። ልጁን ክፉ አልለውም፣ ወረፋ ሲበዛ ፎርማት ማድረግ ምክንያቱን ከመፈለግ ይፈጥናል። ግን ተነስቶ ባዩት ዊንዶውስ ላይ ፎርማት ማለት እኔ አልቀበለውም።

እርግጠኛ ለመሆን ይህን አድርግ። ልክ እንዳስነሳኸው ኤፍ 8ን ደጋግመህ ጫን። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ሲበላሽ በራሱ ሪስታርት እንዳያደርግ የሚለውን ምረጥ። ያኔ ሰማያዊው ስክሪን ይቆምልሃል። ከታች በኩል በዜሮ ኤክስ የሚጀምር ረጅም ቁጥር አለ። መጨረሻው 7ቢ ከሆነ ንገረኝ።


ሱሉልታ ሚንት፦

ጋሼ ያሉት ልክ ይመስለኛል፣ በተለይ ሶኬቱ መነቀሉን ማስተዋላቸው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን እቀይረዋለሁ። ወንድሜ፣ ባዮስም ባትሪም ከመንካትህ በፊት የእድሩን ፋይል አውጣ። ሃርድ ዲስኩ ከ2004 ጀምሮ የሠራ ነው። ዛሬ ደህና ቢሆንም ዕድሜው ሄዷል።

ለዚህ ዊንዶውሱ መነሳት አያስፈልገውም። ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም፣ ከፍላሽ ላይ ማስነሳት ይቻላል፣ ምንም ሳይጫን። ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን ዓይነት አውርድ፣ ለድሮ ኮምፒውተር ቀላሉ እሱ ነው። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሩፈስ በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ትጽፈዋለህ። ፍላሹ ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ ባዶ ፍላሽ ይሁን፣ ያቺ የሁለት ዓመቷን ቅጂ የያዘችውን እንዳትነካ! ከዚያ ፍላሹን ሰክተህ አስነሳና ከምን ልነሳ ብሎ እንዲጠይቅህ ኤፍ 12ን ሞክር። በአንዳንድ ማዘርቦርድ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 8 ነው።

ሲነሳ ዴስክቶፕ ታያለህ። እዚያ ላይ ጫን የሚል ምልክት አለ፣ እሱን አትንካው። የፋይል መክፈቻውን ክፈትና የዊንዶውሱን ዲስክ ከጎን በኩል ታገኘዋለህ። ዩዘርስ ከሚለው ፎልደር የአባትህን ስም ክፈት፣ ሙሉውን ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ገልብጥ። ሊኑክስ አይዲኢውንም ኤኤችሲአዩንም ስለሚያውቅ ባዮሱ በየትኛው ላይ ቢሆን ዲስኩን ያየዋል። ዲስኩ ተከፍቶ ፋይሎቹ በደንብ ከተገለበጡ የጋሼ ግምት አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው።

ሌላም ነገር ገልብጥ። የእድሩ ጽሑፍ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ፎንቱን አብረህ ውሰድ። ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ከሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ፎንትስ የሚል አለ። ፎንቱ ከሌለ ያ ሁሉ የአባላት ስም የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ነው የሚታይህ።


ቱሉ ዲምቱ 04፦

ጋሼ፣ 7ቢ ነው! ሰማያዊው ቆመልኝና ፎቶ አነሳሁት። ከፊቱ ብዙ ዜሮ አለ፣ መጨረሻው 7ቢ።

እህቴ ያልሽውንም አደረግኩ። ሚንቱን የቢሮ ጓደኛዬ አወረደልኝ፣ ቤት ያለው ኢንተርኔት አይችለውም ነበር። በኤፍ 12 ተነሳ። የአባቴ ፎልደር በሙሉ አለ። 11 ጊጋ ገደማ ነው፣ ሁለት ቦታ ገልብጬዋለሁ፣ ፎንቶቹን ጭምር። ቋ ቋ የሚል ድምፅም የለም።

ባትሪውን እንዴት ነው የምቀይረው? ከፍቼ አላውቅም፣ ትንሽ ፈርቻለሁ።


የሰበታው ጠጋኝ፦

ጎበዝ። መገልበጡ ይቀድማል፣ ልጅቷ ትክክል ነች። እኔም ከእንግዲህ እንደዚያ ነው የምመክረው።

አትፍራ። ሶኬቱን ከግድግዳ ንቀል። ከዚያ የማስነሻውን ቁልፍ አንዴ ጫን፣ ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ይውጣ። ሲፒዩውን ጠረጴዛ ላይ አስተኛው፣ የጎኑን ብሎን በካቻቢቴ ፍታ። ማዘርቦርዱን ከመንካትህ በፊት በእጅህ የሲፒዩውን ባዶ ብረት ንካ፣ ሰውነትህ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ይራገፍ። ባትሪዋ ታበራለች፣ አታጣትም። በጎኗ በኩል ትንሽ ብረት ይዟታል፣ እሱን በቀስታ ስትገፋ ራሷ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርገህ ጫናት።

ለባትሪ ብለህ መርካቶ ድረስ አትሂድ። ሰዓት ሠሪ ጋር አለ፣ የመኪና ሪሞት ባትሪ የሚሸጡም ጋር አለ። የድሮዋን ይዘህ ሂድና በቴስተር ለካልኝ በለው። አዲስ ከ3 ቮልት ከፍ ትላለች። የድሮዋ ከ2.8 በታች ከሆነች ነገሩ አለቀ። አዲሷንም እዚያው አስለካ፣ መደርደሪያ ላይ ኖራ የሞተች ሊሸጡልህ ይችላሉ።

ከፍተህ ሳለህ አቧራውንም አውጣ። እናንተ ሰፈር መንገዱ ገና አፈር በሆነበት በኩል ከሆናችሁ ፋኑ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ታገኘዋለህ። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። ፋኑን ስትጠርግ በጣትህ ያዘው እንጂ እንዲሽከረከር አትተወው። እርጥብ ጨርቅ እንዳታስገባ። በሲሊንደር ቅርፅ የቆሙትን ካፓሲተሮች ተመልከት፣ ራሳቸው ዝርግ መሆን አለበት። ያበጠ ካለ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

ከዚያ ስታስነሳው ዴሌት የሚለውን ቁልፍ እየደጋገምክ ጫን፣ ባዮስ ይከፈታል። መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክል። ቀጥሎ ሳታ ሞድ የሚል ፈልግ፣ የሃርድ ዲስኩ መንገድ ምርጫ እሱ ነው። አይዲኢ የሚል ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይረው፣ ኤኤችሲአይ የሚል ከሆነ ደግሞ ወደ አይዲኢ። በኤፍ 10 አስቀምጠህ ውጣ። ሌላ ምንም አትንካ።


ቱሉ ዲምቱ 04፦

ተነሳ!!!

ሰዓት ሠሪው ሲለካት የድሮዋ 1.9 ነበረች። ባዮሱ አይዲኢ ላይ ነበር፣ ወደ ኤኤችሲአይ ቀየርኩት፣ ዊንዶውሱ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳ። ያበጠ ካፓሲተር የለም። አቧራውማ ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ሁለት እፍኝ ይሆናል።

አባቴ ምንም አላለም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና የአባላቱን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ወርዶ አየው። ከዚያ ለእናቴ ቡና አፍዪ አላት።

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴም ተባረኪ። ፎርማት ለማድረግ አንድ ቀን ነበር የቀረን።


የሰበታው ጠጋኝ፦

አሜን፣ ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አንድ ሥራ ቀርቷል። ዛሬ ማታ ሆን ብለህ ሶኬቱን ንቀልና አሳድረው። ጠዋት ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ዊንዶውሱም ከተነሳ ነገሩ ተዘግቷል። ከዚህ በኋላ መብራት ሲዋዥቅ ብትነቅሉት ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም ንቀሉት። በዲቫይደር ፋንታ ስታቢላይዘር ብትገዙለት ደግሞ የተሻለ ነው።


ለገጣፎ ልጅ፦

ይህን ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የኔን ማንም ባትሪውን አላየውም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ካርቶን ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በሕይወት ሊኖር ይችላል ማለት ነው?


ሱሉልታ ሚንት፦

ሊኖር ይችላል። አሁን ያለህ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ አሰካው ወይም የሃርድ ዲስኩን ሳታ መሰኪያ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ተዋስ። በሚንት ፍላሽ አስነሳና ተመልከት። ከታየህ መጀመሪያ የክርስትናውን ፎቶ ገልብጥ፣ ሌላው ይደርሳል። ዊንዶውሱ ዲስኩን ኢኒሻላይዝ (እንደ አዲስ ላዘጋጀው) ወይም ፎርማት ላድርገው ብሎ ቢጠይቅህ እሺ እንዳትል።

ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ አንተ ልመለስ፣ ስለ ፍጥነት ጠይቀህ ነበር። ዊንዶውስ 10ን እኔ አልመክርም። የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁለተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርን በይፋ አይቀበልም፣ ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 14 ቀን 2020 ጀምሮ ድጋፍ የለውም። ክሮምም ከ109 በላይ አይጫንበትም። ስለዚህ አባትህ በዚያ ዊንዶውስ የባንክ ሥራ እንዳይሠሩበት። ለእድሩ ጽሑፍ ግን ምን አጠፋ? የለመዱት ነው፣ ይቆይላቸው።

እኔ ብሆን ዊንዶውስ 7ን ለአባትህ አቀልለዋለሁ፣ ከጎኑ ሚንትን ለኢንተርኔት እጭናለሁ። ሲነሳ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ስለሆነ አዲሱ ሚንት ይችለዋል። የሚንት 22 ዝቅተኛ ጥያቄ 2 ጊጋ ራም ነው፣ 4 ቢሆን ይመረጣል ይላሉ፣ ያ ደግሞ አላችሁ። ድጋፉም እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ነው።

ለዊንዶውሱ እንዲህ አድርግ። ኤምኤስኮንፊግ ብለህ ፈልግና ስታርት አፕ የሚለውን ክፈት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች እዚያ አሉ፣ ከአንቲቫይረሱ በቀር የማትፈልጋቸውን ምልክታቸውን አንሳ። ቀጥሎ ኮምፒውተር የሚለውን በቀኝ ጠቅ አድርገህ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አድቫንስድ፣ ከዚያ ፐርፎርማንስ። ለፍጥነት የሚለውን ስትመርጥ ጌጡ በሙሉ ይጠፋል፣ መስኮቱም እንደ ድሮው ግራጫ ይሆናል። ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የፊደላትን ጠርዝ የሚያለሰልሰውን ምልክት መልሰህ አድርግ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ያለ እሱ የአማርኛ ፊደል ተቆራርጦ ነው የሚታየው፣ ሰ እና ሱ ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ አባትህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስም ነው የሚያነቡት።

ትንሽ ገንዘብ ካለህ ከሁሉም የሚበልጠው በሃርድ ዲስኩ ፋንታ የሚገባው ፈጣን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ነው። ባለ 240 ጊጋ ይበቃችኋል። ራም መጨመር ካሰብክ መጀመሪያ ዊንዶውሱ 32 ቢት መሆን አለመሆኑን እይ፣ 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ያለውን አይጠቀምበትም።


የሰበታው ጠጋኝ፦

ኤስኤስዲ ላይ እስማማለሁ። ራም ግን በዚያ ገንዘብ አትግዛ። ራሙን አውጥተህ የወርቅ ቀለም ያለውን ጥርሱን በላጲስ ቀስ ብለህ ጥረገው፣ የላጲሱን ብናኝ አራግፈህ መልሰው። ለ13 እና 14 ዓመት ያልተነካ ነው።


ቱሉ ዲምቱ 04፦

ሰላም፣ ሁለት ሳምንት ጠፋሁ። ስብሰባው በደህና አለፈ፣ ዝርዝሩ ታትሞ ቀረበ።

ኤስኤስዲው ሲገኝ እናያለን። ሚንቱን ከዊንዶውሱ ጎን ጭኛለሁ። እናቴ ሳትቀር ዩቲዩብ እያየችበት ነው። ግን አሁን አንድ ነገር አስደነገጠን። ዊንዶውሱን ስናስነሳ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። አባቴ ባትሪዋ እንደገና ሞተች ብሎ ተጨንቋል። አስተካክለነው ሚንቱን ከፍተን ስንመለስ ደግሞ ይቀራል።

ሁለተኛ ጥያቄ። የድሮው የእድር ጽሑፍ በዊንዶውሱ ደህና ነው፣ በሚንቱ ግን እህቴ እንዳልሽው የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ነው።


የሰበታው ጠጋኝ፦

ስንት ሰዓት ነው የሚቀረው? ልክ 3 ሰዓት ከሆነ ባትሪዋ ምንም አልሆነችም። የሞተች ባትሪ እንደዚያ ልክክ አድርጋ አትቀንስም።


ቱሉ ዲምቱ 04፦

ልክ 3 ሰዓት ነው ጋሼ። ደቂቃው እንኳ አይዛባም።


ሱሉልታ ሚንት፦

እንግዲያው ሁለቱ ሲስተሞች ስላልተስማሙ ነው። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይቆጥረዋል፣ ከዚያ ላይ የኛን 3 ሰዓት ይደምራል። ዊንዶውስ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን እንዳለ የአገሩ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ሊኑክሱ አስተካክሎ ሲጽፍ ዊንዶውሱ በ3 ሰዓት ይቀራል። ሊኑክሱን እንደ ዊንዶውሱ እንዲያነብ የሚያደርግ አንድ መስመር ትዕዛዝ አለ፣ በፎቶ በግል እልክልሃለሁ። አንዴ ከጻፍከው በቃ።

ስለ ፎንቱ። የገለበጥካቸውን የግዕዝ ፎንቶች ውሰድ። በሚንቱ የራስህ ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምር ፎንትስ የሚል ፎልደር ፍጠርና እዚያ አስገባቸው። የሚንቱን የጽሑፍ ፕሮግራም፣ ሊብሬ ኦፊስን፣ ዘግተህ ክፈተው፣ አማርኛው ይመጣል። ግን የእድሩን መዝገብ እንደዚያ አታስቀሩት። በድሮው ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ለኮምፒውተሩ አማርኛ አይደለም፣ የፈረንጅ ፊደል የአማርኛ ልብስ ለብሶ ነው። ስም ብትፈልግ አታገኝም፣ ወደ ስልክ ብትልከው አይነበብም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በሚጋራው የፊደል አሠራር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ዊንዶውስ 7ም ኒያላ የሚባል የዩኒኮድ ፎንት ይዞ ነው የሚመጣው። አዲስ አባል ሲመዘገብ በዩኒኮድ ይሁን። የድሮውን ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ገጽ አንተ ጻፍላቸው። አማርኛ ለመጻፍ ለዊንዶውሱ ኪማን የሚባለውን ጫን፣ ለሚንቱ የኪቦርድ ማስተካከያው አይባስ ላይ አማርኛ የሚለውን ጨምር።


ቱሉ ዲምቱ 04፦

ሁለቱም ሠሩ። ሰዓቱ አሁን በሁለቱም አንድ ነው። መዝገቡን በዩኒኮድ መጻፍ ጀምሬያለሁ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ትናንት ጨረስኩ።

አባቴ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብሎኛል። ኮምፒውተሩ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 7 ነው የሚለው። በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል? እስካሁን 6 ሰዓት ወደ ኋላ እያደረገ ይሞክረው ነበር።


ሱሉልታ ሚንት፦

ዋናውን ሰዓት ወደ ኋላ እንዳያደርጉት። የፋይሎቹ ሰዓት ይዛባል፣ ድረ ገጾችም አንዳንዴ አንከፈትም ይላሉ። ዊንዶውስ 7 ሁለት ተጨማሪ ሰዓት ይፈቅዳል። ከታች በቀኝ ያለውን ሰዓት ጠቅ አድርግና ማስተካከያውን ክፈት፣ ተጨማሪ ሰዓት የሚለውን ታገኛለህ። እዚያ ላይ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 የሚቀንሰውን፣ ካየን እና ፎርታሌዛ የሚለውን ምረጥ። ያ ቦታ ከኛ ልክ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ስለዚህ የሚያሳየው የሐበሻ ሰዓት ነው። ስም ስጠው ሲልህ በአማርኛ መጻፍ ትችላለህ። ሚንት ላይ ደግሞ የሰዓቱን ማስተካከያ ከፍተህ የሰዓት ክልሉን ካየን በለው።


ለገጣፎ ልጅ፦

ሃርድ ዲስኩ ታየ። ፎቶዎቹ በሙሉ አሉ፣ አሁን እየገለበጥኩ ነው። 40 ደቂቃ ይቀረዋል ይላል።


ቱሉ ዲምቱ 04፦

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! አባቴም ሰዓቱን አየው። ስሙን ራሱ ነው የጻፈው፣ የእድሩን ስም ነው የሰጠው።